ኬላው የተነሣበት ዓመት

ባሌ የሞተው ሰባት ላይ ነው። እኔም ስጠብቀው የነበረው ሰባት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል አራት ኪሎ ሜትር ነበር።

ይህን ከፊት የማስቀምጠው አንባቢ መጨረሻውን እያሰበ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ነው። አልደረስኩለትም። እንዴት እንዳልደረስኩለት ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቱማ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው የነገርኳቸው። አሁን እናቱም የሉም። ስለዚህ በቀን አምስት ስድስት መስመር እያልኩ እጽፈዋለሁ። አንዳንድ ቀን ወረቀቱን አወጣና አንድም ቃል ሳልጽፍ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ኮልፌ ነበር፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ የአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ከተማውም ወደ ምዕራብ መግፋት ጀምሮ ነበር። ባሌ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። እሱና ስድስት ሰዎች በአንድ ካቦ ሥር ሆነው በጅማ መንገድ ላይ ከኬላው እስከ አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ያለውን ይጠብቃሉ። ጉድጓድ ይደፍናሉ፣ ቦይ ይጠርጋሉ፣ የተናደውን ጠርዝ ይገነባሉ። የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹን መቀባት ግን የእሱ ብቻ ሥራ ነበር።

መንገዱ የሚጀምረው ከኬላው ነው። ኬላ ማለት በመንገዱ ላይ አግድም የተጋደመ ብረት፣ አጠገቡ አንድ የቆርቆሮ ቤትና ሁለት ዘበኞች ነው። ከገጠር የሚመጣ ጭነት እዚያ ቆሞ ይፈተሻል። ከብረቱ ወዲህ ከተማ ነው፣ ከብረቱ ወዲያ አገር ነው። መሥሪያ ቤቱም ኪሎ ሜትር መቁጠር የሚጀምረው ከብረቱ ነበር። በየኪሎ ሜትሩ ቁመቱ ጉልበት የሚደርስ ድንጋይ ይተከላል፤ በኖራ ነጭ ይቀባና ቁጥሩ በሬንጅ ይጻፍበታል።

የባሌ እጅ ለድንጋይ እንጂ ለቁጥር የተፈጠረ አልነበረም። ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል፣ ቁጥር ሲጽፍ ግን ይጋደምበታል። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ካቦው መንገድ ላይ አቁሞት፣ "ይሄ ምንድን ነው? ሦስት ነው ወይስ ስምንት ሊሆን ሲል የሞተ?" አለው። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀበት። ማታ እራት ላይ ሲነግረኝ እሱም ይስቃል፣ ጆሮው ግን ቀልቷል።

እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ደብዳቤ የሚያጽፈው እኔን ነበር። ከባለ ሱቁ የሳሙና ካርቶን ለመንኩና ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ሠርቼ በምላጭ ቆረጥኳቸው። ካርቶኑን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ በቀዳዳው ሬንጁን መቀባት ብቻ ነው የሚቀረው። በማግሥቱ ካቦው ድንጋዩን አይቶ ዝም አለ አሉ። ከዚያ በኋላ ያ መንገድ እስከ አሥራ አምስት ድረስ የእኔ ጽሕፈት ሆነ። በአውቶቡስ ስሄድ የራሴን ቁጥር አነባለሁ። ለማንም አልናገርም እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰዉ ደግሞ ቁጥሮቹን የሠፈር ስም አድርጓቸው ነበር። ባላገሩ ከተማ ሲመጣ፣ "የት ነው ቤትህ?" ሲባል፣ "ዘጠኝ፣ ከወንዙ ማዶ" ይላል። ከሁሉም የታወቀው ሰባት ነበር። ሰባት ላይ ወፍጮ ነበረ፣ የአንዲት አሮጊት ጠላ ቤት ነበረ፣ ባሕር ዛፍ ሥር እንጨት የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። እኛ ኮልፌ ያለነው እንኳ እህል የምናስፈጨው እዚያ ነው፤ የወፍጮው ድንጋይ አዲስ ስለሆነ ዱቄቱ አይሻክርም። "ሰባት ሄዳለች" ከተባለ ወፍጮ ሄዳለች ማለት ነው፤ ማንም ሌላ አይጠይቅም።

ከዚያ ኬላው ተነሣ።

ከተማው ስለሰፋ የከተማው መጨረሻ ወደፊት ይሂድ ተባለ። አንድ ቀን ጠዋት ብረቱን ነቅለው በካሚዮን ጫኑና ወደ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ወስደው ተከሉት። ዘበኞቹም ከነአልጋቸው ተጭነው ሄዱ። የከተማው አውቶቡስም እየተከተለ መጨረሻውን እዚያ አደረገ። ባሌ የዚያን ቀን ማታ ሲገባ፣ "መንገዱ ሁሉ ውሸታም ሆነ" አለኝ። መቁጠሪያው ከአዲሱ ኬላ ስለሚጀምር አምስት የነበረው አንድ ሊሆን ነው፣ ሰባት የነበረው ሦስት። አዲስ ድንጋዮች ተጠርበው መጥተዋል፤ የድሮዎቹ ተነቅለው ለጠጠር ይሰበራሉ።

የእኔም ካርቶኖች ሬንጅ ጠጥተው ተበላሽተው ነበርና እንደገና ልቆርጥ ሆነ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ቆረጥኩ። እሱ ከሥራ ሲመለስ እግሩን ታጥቦ አጠገቤ ይቀመጥና የቆረጥኩትን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያያል። ሰባት ላይ ስደርስ፣

"እግሯን ትንሽ አወፍሪያት" አለኝ።

"ምነው፣ ሰባት ምን ጎደላት?"

"የበፊቷ ከሩቅ አንድ ትመስል ነበር። ሹፌሩ አንድ ናት ይልና ከተማ የደረሰ መስሎት ማበጠሪያ ያወጣል።"

ሳቅኩና እግሯን አወፈርኩ። ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ሁለት ጊዜ አስምሬ፣ አንዱን መስመር አጥፍቼ፣ በምላጭ ቆረጥኩ። ይህን ሁሉ የማነሣው እጄ አዲሱን ሰባት ምን ያህል ያውቀው እንደነበር ለማሳየት ነው። ከእኔ በላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የድሮው ሰባት ሲነቀል እኔም ነበርኩ። እህል ይዤ ሄጄ ወረፋ እጠብቃለሁ፤ እሱና ጓደኛው በዶማ ዙሪያውን ይቆፍራሉ። የወፍጮው ባለቤት ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ወጥቶ ቆመ።

"ምን አጥፍቶ ነው?" አለ።

"ተዛውሮ ነው" አለ ባሌ።

"ሹመት ነው ሽረት?"

"ከዓለም ገና ወዲህ ነው የመደቡት። አየሩ ይስማማዋል።"

የጠላ ቤቷ አሮጊት ዋንጫ በእጃቸው እንደያዙ ከበራቸው ሆነው፣ "እኛስ ከእንግዲህ ምን ልንባል ነው?" አሉ።

"ሦስት፣ እማማ።"

"ስንት ዓመት ሙሉ ሰባት ተብዬ ኖሬ አሁን በእርጅናዬ ሦስት ልሁን? ወረድኩ በለኛ።" ሴቶቹ ሳቁ። አሮጊቷ አልሳቁም። "ድንጋዩን ውሰድ ልጄ። ስሙን ግን ለእኛ ተወው። እኛ አልተነቀልንም።"

የወፍጮው ባለቤት ደግሞ ድንጋዩ እንዳይሰበር ለመነ፤ ሴቶች ጆንያ ሲያወርዱ ማሳረፊያ ይሆናል አለ። ካቦው፣ "ለመስበር ከምንደክም ይውሰደው" ብሎ ፈቀደ። ሁለቱ ሆነው አንከባለው ከወፍጮው በር አጠገብ አቆሙት። ባሌ ቁጥሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሊያቆመው ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ መንገዱ አዞረው። አልፎም ከጣሳው ትንሽ ሬንጅ ወስዶ የደበዘዘውን ጠርዝ አደሰው።

"ለምን ትደክማለህ? ከእንግዲህ ለማን ነው?" አልኩት።

"ጡረታ የወጣ ሰው ፊቱን ታጥቦ በሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ" አለኝ።

አዲሱን የሦስት ቁጥር ድንጋይ በዚያው ቀን ከወፍጮው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ተከሉት። ከወረፋዬ ሆኜ ሲቀባው አይቻለሁ። ቆንጆ ሦስት ነበር።

ሰዉም አሮጊቷ እንዳሉት አደረገ። ወፍጮው ሰባት፣ ጠላ ቤቱ ሰባት፣ እንጨት መሸጫው ሰባት። እኔም ቤቴ ውስጥ፣ አዲሱን ሰባት በገዛ እጄ ቆርጬ ሳለ፣ "ነገ ሰባት እሄዳለሁ" እል ነበር። እሱም ይለው ነበር። ሥራ ላይ ሲሆን ግን ሰባት ማለት አዲሱ ነው። ለካስ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰባት ይዘን እንኖር ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሰኔ ሲገባ፣ ከዝናቡ በፊት ቦዮቹን ለመጥረግ ወጡ። ጠዋት ሲወጣ የቀኝ ጫማው ክር ተበጥሶ ስለነበር ሲባጎ ፈልጌ ሰጠሁት። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

አምስት ሰዓት ገደማ ባለ ሱቁ በራችን ላይ ቆመ። እሱ በሌላ ጊዜ ከውጭ ሆኖ ነው የሚጣራው፤ ያን ቀን ግን ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆመ።

"እህቴ፣ ነጠላሽን ልበሺ" አለኝ።

"ምን ሆነ?"

"ከሰል የጫነ ሹፌር ነው መልእክት አድርሶኝ የሄደ። ባለቤትሽ ተጎድቷል። ሰባት ላይ ነው። ቶሎ ትምጣ፣ ቤተሰብ ካልመጣ የሚጭነው መኪና አይገኝም ብሏል ካቦው።"

ይህን ለማያውቅ ማስረዳት አለብኝ። በዚያን ጊዜ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ያነሣ ሹፌር ሐኪም ቤት ሲያደርስ ይያዛል፤ አንተ ነህ የገጨኸው ይባላል፣ ቃሉን ሰጥቶ እስኪለቀቅ ጭነቱ ይበላሽበታል። ስለዚህ የቤተሰብ ሰው አብሮት ካልተሳፈረ ማንም አያነሣም። እኔ እዚያ መድረስ ነበረብኝ። የሚፈለገው ያ ብቻ ነበር፤ መድረስ።

"በሕይወት አለ?" አልኩት።

"ይናገራል አለኝ ሹፌሩ። ወላሂ፣ ይናገራል ነው ያለኝ።"

ሰባት ሲለኝ በዓይኔ የመጣው ወፍጮው ነው። የሞተሩ ድምፅ፣ ባሕር ዛፉ፣ የዱቄቱ ሽታ። ካርቶኑ አልመጣልኝም። ወፍራሙ እግር አልመጣልኝም። ባለ ሱቁም እንደኔ ነው፤ ሚስቱ በየሳምንቱ የምታስፈጨው እዚያ ነው። ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ወጣ።

አውቶቡሱ ዘግይቶ መጣ፤ በየፌርማታው ሲቆም አንገቴን አውጥቼ እያየሁ አዲሱ ኬላ ደረስን። ከዚያ በእግር ነው። አንድ የሚለውን ድንጋይ አለፍኩ። ሁለት የሚለውን አለፍኩ። አነበብኳቸው። ደብዳቤ የሚያነብ ሰው የተጻፈ ነገር አይቶ ሳያነብ አያልፍም፤ አንድ አልኩ፣ ሁለት አልኩ። ሁለት ካለፈ በኋላ ሰባት ሊመጣ አይችልም ብሎ የሚያስብ ሰው በውስጤ አልነበረም።

ወፍጮው ጋ ስንደርስ ሞተሩ እየሠራ ነው። የተሰበሰበ ሰው የለም። ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። የወፍጮው ባለቤት ሲያየን ሞተሩን አጠፋ።

"የተጎዳ ሰው?" አለ። "እዚህ ምንም የለም። ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።"

"ካቦው ነው ሰው የላከው" አለ ባለ ሱቁ።

የጠላ ቤቷ አሮጊት ወጥተው መጡ። አሁን እንደማስበው ከደግነት ነው የተናገሩት። "ወስደውት ይሆናላ። አንዱ መኪና አዝኖ ጭኖት ይሆናል። አንቺ እዚህ ቆይ፤ የት እንደወሰዱት ካቦው ሰው ይልክብሻል። እንዲሁ ብትሮጪ ትተላለፋላችሁ።"

ይህ ትክክል መሰለኝ። ባለ ሱቁም ትክክል መሰለው። ከወፍጮው በር አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጡኝ። ከሴቶቹ አንዷ ትከሻዬን ይዛ ቆመች።

ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ ለመናገር ያስቸግረኛል። ባለ ሱቁ ኋላ ሲነግረኝ ከአንድ ሰዓት ይበልጣል አለ። የተቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ እግሮቼ መካከል ቁጥሩ ነበር፤ ባሌ ያደሰው ጠርዝ ፀሐይ ላይ ያበራል። እያየሁት ነበር። ጣቴን በላዩ ላይ ሳመላልስ እንደነበርም አስታውሳለሁ።

ባለ ሱቁ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እጁን እያነሣ ያስቆማል። ብዙዎቹ አይቆሙም። በመጨረሻ ከወዲያ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ "የመንገድ ሠራተኞች ከፊት ተሰብስበው አይቻለሁ፤ ሩቅ ነው፣ ከድልድዩ አጠገብ" ብሎ አለፈ። ባለ ሱቁ በመንገዱ መካከል ቆሞ ቀረ። መጀመሪያ ማዶ ያለውን ድንጋይ አየ። ቀጥሎ እኔ የተቀመጥኩበትን አየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ፤ ድምፁ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ነበር።

"እህቴ" አለኝ፣ "ይሄ እኮ ሦስት ነው።"

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። የቀረውን መንገድ ሮጥኩ፣ ሲያቅተኝ ተራመድኩ፣ እንደገና ሮጥኩ። አንድም መኪና አልቆመልንም፤ እያለቀሰች የምትሮጥ ሴት የሚጭን ሹፌር አልነበረም። አራት አለፈ፣ አምስት አለፈ፣ ስድስት አለፈ። ሁሉም የእኔ ጽሕፈት ነው። ከስድስት በኋላ መንገዱ ዝቅ ይልና ድልድይ አለ። ከዚያ ከፍ ሲል ሰዎቹን አየኋቸው። በመንገዱ ዳር ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። አካፋዎቹ አንድ ላይ ተጋድመዋል። ከዚያ በላይ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገም።

ቦዩን ሲጠርጉ የድልድዩ ግንብ ተናደበት፤ ደረቱ ላይ ነው የወደቀው። ጓደኞቹ አውጥተው መንገዱ ዳር አዲሱን ድንጋይ አስደግፈው አስቀምጠውት ነበር፤ ሲተኛ መተንፈስ አቅቶት ነው አሉ። እኔ ስደርስ አስተኝተው የካቦውን ካፖርት አልብሰውታል። ካፖርቱን ገለጥኩ። ፊቱ ላይ አፈር የለም፤ አንድ ሰው አጥቦለታል። እጄን ብብቱ ሥር አስገባሁ። ገና ይሞቅ ነበር። የቀኝ ጫማው በሲባጎ እንደታሰረ ነው።

ጠጠር ሊያመጣ ከሰበታ ወዲያ የሄደው የሠራተኞቹ ካሚዮን ከዚያ በኋላ ደረሰ። ጠጠሩን መንገዱ ዳር አራገፉና እሱን ጫኑት።

የተቀበረው ቀራንዮ ነው። እናቱ ከጎጃም በአራተኛው ቀን ደረሱ፤ ቀብሩ አልፏቸዋል። ወገባቸውን በመቀነት አስረው ከበር ጀምሮ እያለቀሱ ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ለቅሶው በረድ ሲል ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣

"ደረስሽለት?" አሉኝ።

"ደረስኩለት" አልኳቸው።

"በነፍሱ?"

"በነፍሱ፣ እማማ።"

"ምን አለሽ?"

ምንም አላዘጋጀሁም ነበር። "አይዞሽ አለኝ" አልኩ። "እናቴን ደህና ሁኚ በያት አለኝ።"

ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ለሚገባው ለቀስተኛ ሁሉ ይህን ቃል ይናገሩት ጀመር። "ልጄ እኮ ሳይሰናበተኝ አልሄደም" ይላሉ። እየሰማሁ እቀመጣለሁ። ባለ ሱቁ ከወንዶቹ መካከል ሆኖ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ፊቱን መለሰ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። እናቱም ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው ዓመታት በየደብዳቤያቸው ያንን ቃል ያስጽፉ ነበር፤ እኔም አላረምኩትም።

ካቦው ለአርባው መጥቶ ነበር፤ በልቶ ጠጥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ጥቅምት ግን ብቻውን መጣ። ከሐዘኑ ወዲህ እርስዎ ይለኝ ጀምሯል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ፣ የመንገዱ ድንጋዮች ሊታደሱ መሆናቸውን፣ ካርቶኖቹ ካሉ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ካርቶኖቹን ከአልጋው ሥር አወጣሁ፣ ግን አልሰጠሁትም፤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው።

"ያን ቀን መልእክቱን ሲልኩ" አልኩት፣ "ለምን ድልድዩ ጋ አላሉም? ለምን ከዓለም ገና ወዲህ አላሉም?"

"እኔ ድልድዩ ጋ በላት ብዬው ነበር ለሹፌሩ" አለ። "ባለቤትዎ ነው ያስቆመኝ። በዚያ ትንፋሹ። 'ድልድይ ብትላት ብዙ ድልድይ አለ። ሰባት በላት። እሷ ታውቀዋለች፤ የቆረጠችው እሷ ናት' አለኝ።"

ባርኔጣውን ማሽከርከር አቆመ።

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላ መኪና ሲመጣ ቀና ይል ነበር። እርስዎ ከመድረስዎ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው ቀና ማለቱን የተወው።" ቀጥሎም፣ "እኔም ራሴ አብሬው ልሳፈር እችል ነበር። አንዱ ሹፌር አንተ ከፈረምክ እወስደዋለሁ ብሎኝ ነበር። ግንቡ እንደላላ እያወቅኩ ያስገባኋቸው እኔ ነኝና ፖሊስ ጣቢያውን ፈራሁ። እርስዎ ሲመጡ ይሻላል አልኩ" አለ።

ልቆጣው ይገባኝ ነበር። አልተቆጣሁም። ሁለቱም እኔን አምነው ነው የጠበቁት፤ መንገድ የሳትኩት እኔ ነኝ። ካርቶኖቹን ሰጠሁት። ሰባትን ጨምሬ ሰጠሁት፤ ሰባት ሳይኖር መንገድ አይቆጠርም።

እሱ ከሄደ በኋላ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ በጣሳ ኖራ በጥብጬ፣ ብሩሽ ይዤ ወፍጮው ጋ ሄድኩ። እህል አልያዝኩም። ሴቶቹ ሲያዩኝ ከድንጋዩ ላይ ተነሡልኝ፤ የምቀመጥ መሰላቸው። ተንበርክኬ ቁጥሩን በኖራ ቀባሁት። አንድ ጊዜ፣ ሲደርቅ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ።

የወፍጮው ባለቤት መጣና ቆመ። "ምን አደረገሽ ድንጋዩ?" አለኝ። እንደ ድሮው ሊቀልድ ነበር የጀመረው፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

"ይሄ ሦስት ነው" አልኩት። "ሰው ሲጠይቅ ሦስት በሉ። ሰባት ሌላ ቦታ ነው። ድልድዩን አልፎ ነው።"

"እሺ" አለ።

ለጠላ ቤቷ አሮጊትም ገብቼ ነገርኳቸው። እንጨት ለሚሸጡት ሴቶችም አንድ በአንድ ነገርኩ። ሁሉም እሺ አሉኝ፤ ሐዘንተኛን እንደሚሉት እሺ ነው። ወጥቼ አውቶቡስ ወዳለበት መሄድ ስጀምር አንዲት ሴት አህያዋን እየነዳች መጣች፤ አሮጊቷም ከበራቸው ሆነው፣ "ምነው ዛሬ ሰባት ብቅ አልሽ?" ሲሏት ሰማሁ። ተመልሼ አላረምኳቸውም።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ለማስፈጨት ስሄድ ክረምቱ ኖራውን አጥቦታል። ቁጥሩ ከሥሩ ተመልሶ ወጥቷል፤ ጠርዙ እንኳ አልተነካም። ባሌ ሲያድሰው ሬንጁን አጥብቆ ነበር የቀባው። ወረፋዬ እስኪደርስ እህሉን ድንጋዩ ላይ አሳርፌ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ።